ጉም የለበሰው ሳን አንድሪያስ ይበልጣል

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ በፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ አይረሳም። አብዛኛው ልጅ የሚገባው ኳስ ሊጫወት ነው። የኳሱ ወረፋ ሲረዝም ግን ጥግ ላይ ባለው ቴሌቪዥን የጨዋታው ባለታሪክ ሲጄ በብስክሌት ወደ ሰፈሩ ወደ ግሮቭ ስትሪት ሲገሰግስ ይታያል። ዛሬ ይኸው ጨዋታ በኮምፒውተር፣ በስልክና በአዳዲሶቹ ፕሌይስቴሽኖች ጭምር ስለሚገኝ፣ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ጓደኛሞች በተገናኙበት ሁሉ ይነሳል። የእኔ ፍርድ ይኸው፦ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው የመጀመሪያው እትም እስካሁን የሚበልጠው አልተገኘም። ነገሩን ለናፍቆት የሚሰጡት አሉ፤ እኔ ግን ምክንያት አለኝ።

የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሚሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። በስልካችን የምንቀርጻት አጭር ቪዲዮ ከዚያ ትበልጣለች። ጨዋታውን የሠራው፣ ኤድንብራ የሚገኘው ሮክስታር ኖርዝ በዚህች ጠባብ ቦታ ሎስ ሳንቶስን፣ ሳን ፊዬሮንና ላስ ቬንቹራስን፣ በመካከላቸውም ገጠሩን፣ በረሃውንና ተራራውን አኖረ። ማሽኑ ፊት ለፊት የሚመጣውን መንገድ ከዲቪዲው ላይ እያነበበ፣ ያለፈውን እየጣለ ይሄዳል። ገና ያልተነበበውን ሩቅ ቦታ ብርቱካናማ ጉም ይሸፍነዋል። በክረምት ጠዋት ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የተጓዘ ሰው ጉም የወረደበት መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል፤ የሳን አንድሪያስም ስፋት ከዚያው የመጣ ነው። ቺሊያድ ተራራ ጫፍ ላይ ቆመን ከተሞቹን ስናጣቸው አገሩ ማለቂያ ያለው አይመስለንም ነበር።

በጁን 2005 የኤክስቦክስና የኮምፒውተር እትሞች ተከተሉ። በኤክስቦክሱ ጥራቱ ከፍ አለ፤ የራስን ዘፈን ጭኖ በመኪናው ሬዲዮ ማሰማትም ተቻለ። ኮምፒውተሩ ምስሉን አጠራ፣ ግን ያንን ሞቅ ያለ ቀለም አደበዘዘው። የማጭበርበሪያ ኮዱ ነገርም ተለየ። በኮምፒውተር «ሄሶያም» ብሎ መጻፍ ጤናውን፣ የጥይት መከላከያውንና 250,000 ዶላሩን ለማግኘት ይበቃል። በፕሌይስቴሽን ግን ጣት መሠልጠን ነበረበት፦ አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ እንደገና ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። ይህን በደብተር ጀርባ ጽፎ የያዘ ልጅ በቤቱ ውስጥ ክብር ነበረው። ሚሞሪ ካርድ በሌለበት ቤት የሚጫወት ልጅ ሁልጊዜ ከብስክሌቱ ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ጨዋታ እያንዳንዱን መታጠፊያ በቃሉ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የመጣውን የስልክ እትም አልንቀውም። መብራት በሄደ ጊዜም ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይለምንም፣ ተልዕኮ መሃል ቢወድቁም ከመጀመሪያው አያስጀምርም። ሆኖም መሪውንም መሣሪያውንም በመስታወት ላይ በጣት መዳበስ፣ ጆይስቲክ ጨብጦ መንዳትን አይተካም።

ትልቁ ጥፋት የደረሰው በኖቬምበር 2021 ነው። የስልኩን እትም ያዘጋጀው ግሮቭ ስትሪት ጌምስ፣ ያንኑ መሠረት አድርጎ «ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን» የተባለውን አወጣ። ጉሙ ተገፈፈ፤ ከተራራው ጫፍ ሆኖ ሦስቱንም ከተማ አንድ ላይ ማየት ተቻለ፤ ያ ሁሉ አገር አንድ ሰፈር አከለ። ዝናቡ ዓይን እስኪያሳጣ ወረደ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን «ታፍ ነት» የተባለው የዶናት ቤት ምልክት ነው። ጣሪያው ላይ የነበረው ባለ ስድስት ጠርዝ የቡሎን ዳዶ ነበር፤ ቀልዱም ዶናቱ እንደ ብረት ይጠነክራል የሚል ነው። አዲሱ እትም ጠርዞቹን አለስልሶ ክብ ቀለበት አደረገው፤ ቀልዱም አብሮ ጠፋ። የሠራው እጅ የሚያለሰልሰው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ አለሰለሰው። የጨዋታው አሳታሚ ሮክስታር በዚያው ወር ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሽያጭ ያነሳቸውን የቀድሞ የኮምፒውተር እትሞችም መለሰ። በኖቬምበር 2024 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የድሮው ብርሃንና ጉም ተመለሰ። ጉሙ የጨዋታው አካል እንደነበር ባለቤቶቹ ራሳቸው በዚህ መሰከሩ።

ያልተመለሰ ነገርም አለ። በመጀመሪያው የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ እትም ከተማው ውስጥ በተወሰኑ ቦታዎች ሁለተኛው ጆይስቲክ ተነስቶ ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን መጫወት ይቻል ነበር። በስልኩም በአዲሱም እትም ይህ የለም። ሁለት ልጆች ሳንቲም አዋጥተው አንድ ሰዓት በሚገዙበት ቤት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የኢንተርኔቱን ጉዳይም ማንሳት አለብኝ። በአዲሱ እትም አንድ ላይ የተካተቱት ሦስት የጂቲኤ ጨዋታዎች ኮምፒውተር ላይ 45 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃሉ፣ ስህተታቸው የሚታረመውም በሚወርድ ማሻሻያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በማሻሻያ የሚኖር ጨዋታ ለእኛ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አይተናል። አሮጌው እትም በአንድ ዲቪዲ ሙሉ ሆኖ መጣ፤ መብራት ካለ ይሠራል።

ስለዚህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየወረዳው ላላችሁ የጌም ቤት ባለቤቶች ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ሌንሷ ደከመ ብላችሁ ፕሌይስቴሽን 2ን ለቆራሌው አትስጡ፤ አጽድታችሁ፣ አስጠግናችሁ፣ ከነሚሞሪ ካርዷ አኑሯት። ሁለተኛ፣ ይህ ጨዋታ በአውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ የተመደበ ነውና ሕፃናትን በኳሱ በኩል አስቀምጧቸው። ሳን አንድሪያስ ለአዋቂ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው፤ አዋቂ የሆነ ሰውም መጀመሪያ እንደተሠራው፣ ከነጉሙ ሊያየው ይገባል።