በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ ስለ ማይግሬንና ስለ መርፌ ሕክምና

የፈተና ሰሞን በደረሰ ቁጥር ግንባራቸውን ጠረጴዛ ላይ ደፍተው የሚቀሩ ተማሪዎች እናያለን። አንዳንዱ መምህር «ፈተና ፈርቶ ነው» ይላል፤ አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ «ስልክ ስለምታበዢ ነው» ብሎ ይቆጣል። በየቤቱም ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ክኒን ውጣ፣ ምሳ የምትሠራ እናት አለች። ዘንድሮ በዚህ የዓመት መጽሐፍ ስለ ማይግሬን ለመጻፍ የመረጥነው ሕመሙ በትምህርት ቤታችንም በቤታችንም በስሙ ሳይጠራ ስለሚኖር ነው።

ማይግሬን ተራ ራስ ምታት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ትር ትር እያለ የሚወጋ፣ በአዋቂዎች ላይ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ የሚችል ሕመም ነው። ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። አንዳንዱ ሰው ገና ሳይጀምረው በዓይኑ ፊት ብልጭታ ያያል። በልጆች ላይ ሕመሙ በሁለቱም ወገን ሊሆንና ቶሎ ሊያልፍ ስለሚችል በቀላሉ አይታወቅም። በዓለም ላይ ከሰባት ሰው አንዱን ገደማ እንደሚያመው ይገመታል፤ ከጉርምስና በኋላ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። እንግዲህ በየክፍላችን ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች ቢኖሩ ሊገርመን አይገባም።

አብዛኞቻችን የምናውቀው መፍትሔ ክኒን ነው። በጊዜው የተወሰደ ማስታገሻ ይረዳል። ነገር ግን ተራ የሕመም ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሰው ከመድኃኒቱ ብዛት የሚመጣ ሌላ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ያን ጊዜ ክኒኑ ሕመሙን ይወልዳል፤ ሕመሙም ክኒኑን ይጠራል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የዛሬውን ሕመም እንዴት እናስታግስ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው እንዳይመጣ ምን እናድርግ የሚል መሆን አለበት።

ሐኪም በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ይህ ላልተስማማው ወይም ላልሠራለት አዋቂ አኩፓንክቸር የተባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ሊታሰብ ይገባዋል ብለን እናምናለን። ሕክምናው ለአካባቢያችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ቻይና በ1963 እ.ኤ.አ. ወደ አልጄሪያ የሐኪሞች ቡድን ከላከች ወዲህ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሠርተዋል፤ ኢትዮጵያና ጅቡቲም ይገኙባቸዋል። ከሐኪሞቹም መካከል የመርፌ ሕክምና ባለሙያዎች ነበሩበት።

ሕክምናው የሚሰጠው እንደ ፀጉር በቀጠኑ፣ መድኃኒት በሌለባቸው መርፌዎች ነው። ባለሙያው በእጅ፣ በእግር፣ በአንገትና በራስ ላይ በታወቁ ቦታዎች ይተክላቸውና ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይተዋቸዋል። የጥንቱ የቻይና ትምህርት «ቺ» የሚባል ኃይል በሰውነት መስመሮች ይፈስሳል ይላል። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ መርፌው ነርቮችን ቀስቅሶ ሰውነት የራሱን የሕመም ማስታገሻ እንዲያመነጭ እንደሚያደርግ ያስረዳሉ።

ይህን የምንለው በወሬ አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 22 ጥናቶች መርምሯል። የሕመማቸው ብዛት ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው፣ መርፌ ከተደረገላቸው 100 ሰዎች 41 ሲሆኑ ካልተደረገላቸው 17 ነበሩ። በሦስት ወር ውስጥ ከመከላከያ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር 57 ለ46 ሆኗል። የብሪታንያው ናይስ የተባለ ተቋምም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መከላከያ መድኃኒት ላልሆነላቸው ሰዎች ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ የሚደርስ የመርፌ ሕክምና እንዲታሰብ መክሯል።

«ይህ እምነት እንጂ ሕክምና አይደለም» የሚሉ አሉ። መልሱ እዚያው ምርመራ ውስጥ ይገኛል፤ በማስመሰያ መርፌ 41 ሰው ሲሻለው በእውነተኛው 50 ተሽሎታል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። በሌላ በኩል «መርፌ የማይፈውሰው በሽታ የለም» የሚሉ ነጋዴዎችም አሉ። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ማይግሬንን ከሥሩ የሚነቅል ነገር የለም፤ የሕመም ቀኖችን መቀነስ ግን ትልቅ ነገር ነው። በወር ስምንት ቀን የምትተኛ እናት አራቱን ቀን ብትነሣ ቤቷ ያውቀዋል።

ጥንቃቄው ግን የግድ ነው። በአገራችን ለራስ ምታት ጆሮ ግንድን በምላጭ መብጣት የቆየ ልማድ ነው፤ የአንዱን ደም ለሌላው ማስተላለፍ ስለሚችል ከአኩፓንክቸር ጋር ሊምታታ አይገባም። መርፌው ከታሸገበት በፊታችሁ የሚከፈት፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል መሆን አለበት። ባለሙያው የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ይሁን። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት በራሱ አያቋርጥ። በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ አንገት የሚያደርቅ ትኩሳት፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የእጅና የእግር መዛል ሲታይ መሄድ ያለብን ወደ መርፌ ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስለ ልጆቻችን ስንናገር ከላይ ያሉት ቁጥሮች ከአዋቂዎች የተገኙ መሆናቸውን አንርሳ። ለተማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሐኪም፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ቁርስ ሳይበሉ አለመምጣትና በዚህ በእኛ ሙቀት ውኃ መጠጣት ነው። «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» የምንል አዋቂዎችም ልማዳችንን ብንመረምር ይጠቅመናል።

ወላጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ትንሽ ደብተር አዘጋጁ። ሕመሙ የመጣበትን ቀን፣ የቆየበትን ሰዓትና የተወሰደውን ክኒን ጻፉ። ማንኛውም ሕክምና መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ከእሱ በፊትና በኋላ የነበሩት ቀኖች ሲቆጠሩ ነው። መምህራን፣ ራሴን አመመኝ ያለን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ጨለም ወዳለ ጸጥተኛ ክፍል እንውሰደው፤ ያመለጠውንም ትምህርት እናካክስለት። ተማሪዎች፣ ሕመማችሁን አትደብቁ፤ ንገሩን።