ስለ ማኅተም ብዛትና ስለ ጥበቃ ማነስ

በአፍሪካ መንግሥታት ዘንድ፣ ከቴሌኮሙኒኬሽን ሥልጣን ጋራ አብሮ የተወለደ የሚመስል፣ ማንም ሊነካው የማይደፍረው አንድ እምነት አለ። ይኸውም፣ ሞገድ የሚያሠራጭ ማናቸውም መሣሪያ፣ የእጅ ስልክም ይሁን ዋይፋይ፣ የብሉቱዝ ማዳመጫም ይሁን የልጆች መጫወቻ፣ በያንዳንዱ አገር ባለሥልጣን ፊት ለብቻው ቀርቦ ታይፕ አፕሩቫል የሚባለውን የዓይነት ማረጋገጫ ካልተቀበለ በቀር፣ ሕዝቡ ከጉዳት አልተጠበቀም፣ የመንግሥቱም ሉዓላዊነት አልተከበረም የሚለው ነው። የኬንያው ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የናይጄሪያው ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የደቡብ አፍሪካው ኢካሳ፣ የግብጹም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቆመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ሁሉም በየራሱ ቅጽ፣ በየራሱ ክፍያና በየራሱ ማኅተም ያንኑ አንዱን ዕቃ ይመረምራሉ ይባላል።

ይባላል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃውን በእውነት ወደ ቤተ ሙከራ አስገብተው የሚፈትኑ መኖራቸውን አልክድም፤ ይሁን እንጂ በብዙው ሥፍራ የሚመረመረው ዕቃው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። አስመጪው የሚያቀርበው መዝገብ፣ በቻይና ወይም በአውሮፓ የሚገኝ ላቦራቶሪ የ2.4 ጊጋኸርትዙን ሞገድ ኢኤን 300 328 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ለክቶ የጻፈው ምስክርነት ነው፤ መርማሪው ሹምም ይህንኑ ምስክርነት አንብቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም ያሳርፍበታል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምድርን ለሞገድ አመዳደብ በ3 ክፍል በከፈላት ጊዜ አፍሪካንና አውሮፓን በአንደኛው ክፍል አብሮ ስለ መደባቸው፣ በአውሮፓ ልክ የተለካው ዕቃ በአብዛኛው በእኛም ልክ የተለካ ነው። እንግዲህ ያንኑ መዝገብ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሃምሳኛው ሹም ደግሞ ቢያነበው፣ ስለ ዕቃው ጠባይ ፊተኛው ካወቀው የሚበልጥ ምን ዕውቀት ይገኛል?

ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ወረቀታቸውን በአክብሮት የምንቀበላቸው አውሮፓውያን ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሥርዓት ከተዉት መቆየታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የሬዲዮ መሣሪያዎች መመሪያቸው መሠረት፣ የታወቁትን ደረጃዎች በሙሉ የተከተለ አምራች ዕቃው ሕጉን የጠበቀ መሆኑን በገዛ ፊርማው ያስታውቃል፤ የቴክኒኩንም መዝገብ 10 ዓመት ጠብቆ ያቆያል፤ መንግሥቱ ደግሞ ጉልበቱን በመግቢያው በር ላይ ሳይጨርስ ወደ ገበያው ወርዶ፣ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ አንሥቶ ይለካል፣ ሐሰተኛ ሆኖ ያገኘውንም ያስወግዳል። በአሜሪካም ቢሆን አንድ ጊዜ የተሰጠው ማረጋገጫ በ50ዎቹም ግዛቶች ይሠራል፤ ቴክሳስ ካሊፎርኒያ ያየችውን ደግሜ ልይ አትልም።

ይህን ስል፣ የሞገድ አደጋ ምናባዊ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አደጋውስ እውነተኛ ነው፤ ችግሩ ማኅተሙ ካለበት ሥፍራ አለመገኘቱ ነው። በባሕር ማዶ የሚኖር ወንድም ወይም እኅት ለእናቱ ይሆናል ብሎ ከአሜሪካ በሻንጣው ይዞት የሚመጣውን የቤት ገመድ አልባ ስልክ እንመልከት። የዱሮው ዓይነት ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርትዝ ባለው ሞገድ የሚሠራ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ከ890 እስከ 915 ያለው ሞገድ የእጅ ስልኮች ወደ ማማው የሚናገሩበት መንገድ ነው። አዲሱም ዓይነት ቢሆን ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርትዝ ስለሚሠራ፣ የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ የቀፎዎቹን ድምፅ የሚቀበልበትን ከ1920 የሚጀምረውን መንገድ ይረግጣል። ማማው ከሩቅ የሚመጣውን የቀፎዎች ደካማ ድምፅ ለመስማት ጆሮውን አቅንቶ ሳለ፣ በአቅራቢያው ካለ ሳሎን ውስጥ፣ በጥልፍ ጨርቅ ላይ በክብር የተቀመጠው የእናት ስልክ ሌሊትና ቀን ቢጮኽበት፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ መስመሩ እየተቆራረጠበት «ኔትወርክ የለም» እያለ ያማርራል፤ ጥፋቱ ከወዴት እንደ መጣ ግን ማንም አይጠረጥርም። በአሜሪካ ሕግ ፈጽሞ ትክክል የሆነው ይህ መሣሪያ አስመጪ ስለሌለው በየትኛውም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት መስኮት አልቀረበም፤ ሊያገኘው የሚችለው የሞገድ መለኪያ ይዞ በየሠፈሩ የሚዞር መሐንዲስ ብቻ ነው፤ መሐንዲሱ ግን በብዛት ቢሮ ተቀምጦ የሌላ ሰው ላቦራቶሪ የጻፈውን ሲያነብ ይውላል።

ስለ ሐሰተኞቹ ቀፎዎችም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ1 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሐሰተኛ ስልኮችን ከኔትወርክ ቆረጠች፤ ታንዛኒያም በሰኔ 2016 እንዲሁ አደረገች። ሁለቱም አገሮች የዓይነት ማረጋገጫ ሕግ ነበራቸው፤ ሕጉ ጠባቂ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቀፎ ከየት ገባ? የገባው በኮንትሮባንድ በር ነው፤ በዚያ በር የሚያልፍ ነጋዴ ቅጽ አይሞላም፣ ናሙናም አያቀርብም፤ ከፈለገም የእውነተኛውን ዕቃ ማኅተም አስመስሎ ያትማል። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ የስልኩን መለያ ቁጥር ከኔትወርኩ መዝገብ ጋራ ማስተያየት ነበር፤ ይህም ከገበያና ከኔትወርክ የሚገኝ ጥበቃ እንጂ ከማመልከቻ መስኮት የሚገኝ አልነበረም። በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውንም ቻርጀር፣ 220 ቮልቱን ከሕፃን ጣት የሚለየው መከላከያ እንደ ወረቀት የሳሳበትን፣ የሞገድ ማኅተም ከቶ አይመለከተውም። እንግዲህ በሰው ልብ ይህ ማኅተም እንደ ክታብ ሆኗል፤ አንገት ላይ ከታሰረ በኋላ ውስጡ ምን እንደ ተጻፈ የሚጠይቅ የለም።

ዕዳውን የሚሸከመው ማን ነው? ታላቁ የስልክ አምራች ኩባንያ በየአገሩ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ፣ ወጪውን በቀፎው ዋጋ ላይ ጨምሮ ያልፈዋል፤ ከዚህም የተነሣ የአፍሪካን ማረጋገጫ በጥቅል እናወጣለን እያሉ የሚነግዱ ደላሎች ለራሳቸው መልካም ሙያ አግኝተዋል። የማያልፈው ግን በናይሮቢ ወይም በአዲስ አበባ የሚገኘው ወጣት ፈልሳፊ ነው። አስቀድሞ የተፈተነ የሞገድ ክፍል ገዝቶ፣ የውሃ ቆጣሪ ወይም የእርሻ እርጥበት መለኪያ ሠርቶ ለጎረቤት አገር ልሽጥ ባለ ጊዜ፣ የአገር ውስጥ ወኪል አምጣ፣ ናሙና አስገባ፣ ክፈል፣ በአንዳንዱም አገር ዘመኑ ስላለፈ እንደገና ክፈል ይባላል፤ ዕቃው አንዲት ቅንጣት ሳይለወጥ ማረጋገጫው ብቻ ያረጃል። የአፍሪካን ገበያ ከቻይናው ዕቃ ይጠብቃል የተባለው አጥር አፍሪካዊውን ከአፍሪካዊው የሚለይ ሆኖ ተገኘ።

የሉዓላዊነቱን ክርክር የሚያነሡት ሰዎች በቅን ልቡና የሚናገሩ ለመሆናቸው አልጠራጠርም፤ በአገራችንም የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የሚያስመጣውን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ሲደነግግ፣ ይኸው ፍርሃት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ አሳይቷል። ነገር ግን በሻንጣ የገባውን ስልክ ማየት ያልቻለ መንግሥት፣ የሌላውን ላቦራቶሪ ቃል ደግሞ በማተም ሉዓላዊነቱን አይጨምርም። የዓለም ንግድ ድርጅት የቴክኒክ መሰናክሎች ስምምነት አባላቱ በተቻለ መጠን አንዱ የሌላውን የምርመራ ውጤት እንዲቀበል ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 በኪጋሊ ተፈርሞ በግንቦት 2019 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም ስለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ተቀጥላ አለው። አንዱ አገር የመረመረውን ሌላው አንብቦ ቢቀበለው የሚቀርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ክፍያው ነው።

ክፍያው ለመንግሥት አስፈላጊ ገቢ ከሆነም በግልጽ ይነገርና በጉምሩክ ከቀረጡ ጋራ ይሰብሰብ፤ አስመጪው የሚከፍለውን አስቀድሞ ይወቅ፤ ከዚያም ገንዘብ የሞገድ መለኪያና መኪና ይገዛ፤ በቢሮ ተቀምጦ የሚያነበው መሐንዲስም ወደ መርካቶ፣ ወደ ናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳና፣ ወደ ሌጎሱ ኮምፒውተር መንደር ይውረድና ከመደርደሪያው ዕቃ እየገዛ ይለካ።