የባርቤዶስ ክር እባብና የካንጋተን ኩይሳ

በኦሞ ወንዝ ዳር፣ በኛንጋቶም ምድር፣ በካንጋተን ዙሪያ ለሚኖር አርብቶ አደር እባብ ተረት ስላልሆነ፣ እፉኝት በአሸዋ ላይ በሚተኛበት ቆላ ሰውን «አትፍራ» ብሎ መስበክ በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ድፍረት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ በመላጥያ ደሴት ጭራሮ ሰብስቦ እሳት ላይ ሲጨምር እፉኝት እጁን በያዘችው ጊዜ፣ የደሴቲቱ ሰዎች አብጦ እስኪወድቅ ይጠባበቁት እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት ተጽፏል።

የእኔ ነገር ግን ስለ ሌላ ደሴትና ስለ ሌላ ፍጥረት ነው። በባርቤዶስ ደሴት የሚኖር፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱም ከአንድ ዘለላ ፓስታ የማይበልጥ፣ መርዝ የሌለው፣ የምስጥና የጉንዳን እጭ እየበላ ከአፈር ሥር የሚያድር ክር እባብ አለ። ብሌር ሄጅስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ2000 ዓ.ም. በሳይንስ መዝገብ አስገብቶ በባለቤቱ በካርላ ስም ጠራው፤ ከዚያም ለብዙ ዘመን ከዓይን ተሰውሮ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ከአንድ ድንጋይ ሥር ተገኘ። ያገኙት ሰዎችም፣ ከባዕድ አገር በአበባ ማሰሮ አፈር ተጭኖ ከገባው መሳዩ ለመለየት በማይክሮስኮፕ መመርመር ግድ ሆነባቸው። እናቲቱ በአንድ ጊዜ አንዲት እንቁላል ብቻ ስለምትጥልና የደሴቲቱም ደን ከሞላ ጎደል ተመንጥሮ ስላለቀ፣ የዚያች አንዲት እንቁላል ነገር ቀላል አይደለም።

የዚህ ክር እባብ ዘመዶች በእኛም ቆላ አሉ። አፈር ሲቆፈር ወይም ኩይሳ ሲናድ ብቅ የሚለውን፣ ዓይኑ በቅርፊት የተሸፈነውን፣ ከምድር ትል የሚለየው በመብረቅረቁና በአካሄዱ የሆነውን ፍጥረት፣ ያገኘው ሁሉ «እባብ ነው» ብሎ በዶማ ጫፍ ይቆርጠዋል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ተገልብጧል፤ ልጥ የመሰለው እባብ ሆኖ ሳለ ጉዳት ግን የለበትም። እንዲያውም የጎጆውን እንጨት የሚበላ የምስጥ ወገን ጠላት ነው!

ባርቤዶሶች በስሙ ጠርተው የሚፈልጉትን ወገን እኛ ስሙን ሳንጠይቅ እንገድላለን። ኩይሳውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው እረኛ ግን የትኛው እባብ እንደሚገድልና የትኛው እንደማይነካ መለየት አያቅተውም፤ ያልተጻፈው የእርሱ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ካንጋተን ይውረዱ፤ የእያንዳንዱን እባብ ስም በኛንጋቶም ቋንቋ ከሽማግሌዎቹ አፍ ይጻፉ፤ ከትንሹም ይጀምሩ።