ባሕር ያስተማረው ሠዓሊ

ብዙ ሰዎች ጥበብ ከትምህርት ቤት በቀር ከሌላ ስፍራ አይገኝም ይላሉ። ይህ አሳብ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን የአልፍሬድ ዋሊስን ታሪክ የሰማ ሰው ጐደሎ መሆኑን ያስተውላል።

ዋሊስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1855 ዓመት በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በወጣትነቱ በሸራ መርከብ እየሄደ፥ ዓሣም እያጠመደ በባሕር ላይ ኖረ። ኋላም ሴንት አይቭስ በምትባል በባሕር ዳር ባለች ከተማ ተቀምጦ አሮጌ ገመድና ብረት እየገዛ ይሸጥ ነበር። በ1922 ሚስቱ ሞተችበትና ብቻውን ቀረ። ከጥቂት ዓመትም በኋላ፥ ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ ብቸኝነቱን ለመርሳት ሥዕል መሣል ጀመረ።

የሥዕል ትምህርት አልተማረም። በካርቶን ቍራጭ ላይ መርከብ በሚቀባበት ቀለም ይሥል ነበር። የሌላውንም ሰው ሥዕል አይቶ አልገለበጠም፤ ቀድሞ በዓይኑ ያየውን መርከብና ማዕበል ከልቡ እያወጣ ሣለ እንጂ።

በሥዕሎቹ ውስጥ መርከቡ ከቤቱ በልጦ ይታያል። ይህን አይቶ የሚነቅፍ ይኖራል፤ ነቀፋው ግን ትክክል አይደለም። በማዕበል መካከል ላለ መርከበኛ ከመርከቡ የሚበልጥበት ምን አለ? ነፍሱን ለገመድና ለሸራ አደራ የሰጠ ሰው መርከቡን አሳንሶ ሊሥል አይችልም።

በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ውድ የሚባሉ ሁለት የተማሩ ሠዓሊዎች በደጁ ሲያልፉ፥ በተከፈተው በር ሥዕሎቹን በግድግዳው ላይ ተቸንክረው አዩ። እጅግም አደነቁ፤ ካልተማረ ሽማግሌ ለመማርም አላፈሩም። ስለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ዋሊስ ግን በ1942 በድኾች መጦሪያ ቤት ሞተ። ዛሬ ሥዕሎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለው ብዙ ሰው ያያቸዋል። ሰውን ከሞተ በኋላ ከማመስገን በሕይወቱ ሳለ ማክበር ይሻላል።

ትምህርት መልካም ነው፤ የተማረ ሰው ግን የእጅ ሥራን ሊንቅ አይገባውም። ታንኳ የሚቀዝፍ፥ ከብት የሚጠብቅ፥ እርሻ የሚያርስ ሰው መጽሐፍ ያልያዘውን ብዙ ነገር ያውቃል። ከሐዋርያት እንኳ አንዳንዶቹ ከመረባቸው የተጠሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ብልህ ተማሪ በትምህርት ቤት መጽሐፉን ያነባል፤ ወደ ቤቱም በተመለሰ ጊዜ የአባቱንና የእናቱን ሥራ አስተውሎ ይመለከታል።