የሚይዝ ፍሬንና በግምት የሚገዛ መለዋወጫ

በደቡብ ኦሞ የሚነግድ ሰው ሳምንቱን የሚቆጥረው በገበያ ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር፥ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ፥ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ይውላሉ። ዕቃውን በፒክአፕ የሚያመላልስ ነጋዴ መኪናው አንድ ቀን ከመንገድ የቀረች እንደሆነ የሚያመልጠው የሳምንቱ ገበያ ነው። ስለዚህ የፊት ፍሬን ይዞ አልለቅ ማለቱ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የንግድም ጉዳይ ነው።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በቁልቁለት ላይ ነው። ከኮንሶ ደጋ ወደ ወይጦ ቆላ የሚወርድ ባለጭነት መኪና ፍሬኑ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ይግላል፤ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፤ የፊቱ ጎማ ይከብዳል። ጥቂት ቆሞ ሲበርድ ይለቃል፤ ሾፌሩም ዳነ ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ነገር ግን ሲበርድ መልቀቁ የበሽታው ምልክት እንጂ ፈውሱ አይደለም። የፍሬን ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ የተዘጋ እንደሆነ መሄጃ አጥቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ይጫናል፤ ግለቱም እየባሰ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ባለመኪና የሚቸኩለው አዲስ ካሊፐር ከአዲስ አበባ ለማዘዝ ነው። ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣው ዕቃ ተገጥሞ ፍሬኑ እንደገና ሲይዝ፥ ገዢው ባለሱቁን፥ ባለሱቁም አስመጪውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ሳይመረመር መገዛቱ ነው።

ምርመራው ክሪክና ቁልፍ ላለው መካኒክ ከባድ አይደለም። መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ትቁም፤ የኋላ ጎማዎቿ በድንጋይ ይታገዱ፤ ፊቷ ይነሣ፤ ፍሬኑ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ ጎማዎቹ በእጅ ይዙሩ። አንዱ ብቻ የተያዘ እንደሆነ በዚያው ጎማ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት ይላላ። ይህ ተደርጎም ጎማው ካልተፈታ፥ ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች መዝጋታቸውን ያመለክታል። ከተፈታ ግን ግፊቱ ታግቶ ነበርና ተጣጣፊው የፍሬን ቱቦ ይጠርጠር፤ ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን ወደፊት አሳልፎ መመለሻ ይከለክለዋል። ሁለቱም ጎማዎች የተያዙ እንደሆነ ዋናው የፍሬን ሲሊንደር ከሰርቮው ጋር የታሰረባቸው ዳዶዎች ጥቂት ይላሉ። ጎማዎቹ ከተፈቱ የመግፊያው ዘንግ ከልክ በላይ ረዝሟል፤ ካልተፈቱ የዘይቱ መመለሻ ቀዳዳ በቆሻሻ ወይም ባበጠ ጎሚኒ መደፈኑ ይመርመር።

ፍሬኑ ሲረገጥ ብቻ የፊት ጎማው ቆሞ የሚንሸራተት፥ ሲለቀቅ ግን የሚፈታ ከሆነ ምክንያቱ ከኋላ ሊሆን ይችላል። የኋላው ታምቡር ሸራ ሳይስተካከል ሲቀር፥ ወይም የኋላውን ግፊት በጭነቱ ልክ የሚመጥነው ቫልቭ በጭቃና በዝገት ሲያዝ፥ ሥራው ሁሉ በፊቱ ላይ ይወድቃል። ቆሞ የሚንሸራተት የፊት ጎማ ደግሞ ለመሪ አይታዘዝም።

ወደ ተያዘው ጎማ የሚሄደውን ቱቦ ደፍኖ ገበያ መድረስ ይቻላል የሚሉ አይታጡም። እንዲህ ያለች መኪና ፍሬን ሲያዝባት ወደ አንድ ጎን ትሳባለች፤ በቁልቁለት ላይ ዕቃውንም ሰውንም ለአደጋ ትዳርጋለች። በዚህ መንገድ የተረፈ ገንዘብ ትርፍ ሊባል አይገባውም።

የባለሱቁም ድርሻ ቀላል አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል፤ ውሃውም ፒስተኑን ያዝገዋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት የሚገባው ሲሆን፥ ውሃ ሲገባበት ይህ ልክ ወደ 140 ይወርዳል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ፍሬን ያሳጣል። ስለዚህ ከተከፈተ ቆርቆሮ እየቀዱ መሸጥ መልካም ልማድ አይደለም። የሞተር ዘይት በፍሬን ማጠራቀሚያ የጨመረም ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ጎማ አብጦ ከተገኘ ይህ መደረጉን ያስጠረጥራል፤ መድኃኒቱም ሥርዓቱን አጥቦ ጎሚኒዎቹን በሙሉ መለወጥ ነው።

እንግዲህ አስመጪው ከትልልቁ ዕቃ ጋር ቱቦ፥ ጎሚኒ፥ ፒንና በትንንሽ ጠርሙስ የታሸገ የፍሬን ዘይት ያስመጣ፤ ባለሱቁ ካሊፐር ከመሸጡ በፊት ብሎኑ ላልቶ ታይቷልን ብሎ ይጠይቅ፤ ባለመኪናውም ለምርመራ የሚከፍለውን እንደ ኪሳራ አይቁጠር። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለፍሬንም ይሠራል።