ከምድጃ የሚገኝ የሥዕል ዕቃ

ከሰል ቡና ከማፍላትና ብርድ ከመከላከል በቀር ለሌላ ጥበብ የሚያገለግል መስሎ ያልታያችሁ እንደ ሆነ አልፈርድባችሁም። እኔም ራሴ ወደ ከሰል የመጣሁት ለቀለምና ለብሩሽ ብዙ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ነው። ያመጣችኝም በድብ ባሕር የምትኖር አሮጊት እናቴ ናት።

ድብ ባሕር ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ የሚገኝ አገር ነው። እናቴ በዚያ ቀኑን ሙሉ ከደጃፉ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ብርሃን የሚገባው በአንድ በር ብቻ ስለ ሆነ የፊቷ እኩሌታ ይታያል፥ እኩሌታው በጨለማ ይቀራል። ይህን በቀለም ልሥለው ብሞክር አልሆነልኝም። እኔ ያደግሁት የጎንደርን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕል እያየሁ ነው፤ በጣራው ላይ የተደረደሩት ኪሩቤል ዓይናቸው ጎልቶ፥ የዳር መስመራቸው ጠርቶ ይታያሉ፤ ጥላ ግን የለባቸውም። ይህም ጉድለት ሳይሆን የአባቶቻችን ሥርዐት ነው። የእናቴ ፊት ግን ያለ ጥላ የእናቴ ፊት አልሆን አለኝ።

ስለዚህ ከሰል አዘጋጀሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከወንዝ ዳር የአኻያ ቀንበጥ ቆርጦ፥ ልጦና አድርቆ፥ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቆ መሙላት፥ ክዳኑንም በጭቃ መርጎ ለጢሱ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ መተው ነው። ከእሳት ላይ ተጥዶ ጢሱ ሲያቆም ይወጣል፤ ነገር ግን እስኪበርድ ድረስ መክፈት አይገባም፥ ነፋስ ካገኘው ነድዶ ዐመድ ይሆናልና። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ የሚመስል ዘዴ፥ ያውም በአኻያ፥ ለተማሪዎች አስተምሯል።

በከሰል መሣል ከመስመር አይጀምርም፤ ቢያንስ እኔ እንዲህ አገኘሁት። ወረቀቱን ሁሉ በከሰል አጠቁሬ፥ በጨርቅ አሽቼ፥ ከዚያ በዳቦ ልብ እየጠረግሁ ብርሃኑን ከጨለማው ውስጥ አወጣሁት። ግንባሯ መጣ፥ ጉንጯ መጣ፥ ሻሿም መጣ። በጀርመን አገር ኬቴ ኮልቪትዝ የምትባል ሠዓሊት ነበረች፤ ልጇ በ1907 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ሞቶባት ዕድሜዋን ሙሉ ያዘኑ እናቶችን ሥላለች። በ1925 ዓ.ም. ገደማ ራሷን በከሰል ስትሥል የክንዷን እንቅስቃሴ በጥቂት ኃይለኛ ጭረት ብቻ ትታዋለች። ያን ሥዕል ባየሁ ጊዜ የእናቴን ክንድ ከነእንዝርቱ እንዴት እንደምሠራው ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ጠቅልዬ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። እዚያ ደርሼ ብፈታው ፊቷ የለም። መኪናው ሲያንገጫግጨኝ ወረቀቱ እርስ በርሱ ተፋቅቶ፥ አጥብቄ ከተጫንሁት ከዓይኗ ጥግና ከሻሿ እጥፋት በቀር ሁሉም ዐመድማ ደመና ሆኗል። የማርሴል ግሪዮል ጓድ በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አላቅቆ ፓሪስ ድረስ ለመውሰድ የቻለው በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ስለ ነበሩ ነው፤ የእኔው ግን ሊማሊሞን እንኳ መውጣት አልቻለም።

እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ስለዚህ መንገዱን መልሼ ስወርድ ልቤ ፈርቶ ነበር። የሆነውን ስነግራት እንዝርቷን ሳታቆም፥ «ልጄ፥ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይንህን አፍጥጠህብኝ መልኬን አላወቅኸውም? ተቀመጥ እንግዲህ» አለችኝ።

ሁለተኛውን ሥዕል ቅባቱ በወጣለትና በውሃ በቀጠነ ወተት አጸናሁት፤ ወተቱ በጉም አምሳል ከሩቅ በስሱ ይነፋል፥ ይደርቃል፥ ደግሞ ይነፋል። ባንድ ጊዜ ያበዛ ሰው ሥዕሉን ያጥበዋል። ከላይም ስስ ወረቀት አልብሼ፥ ሳልጠቀልለው በሁለት ጣውላ መካከል አስሬ አወጣሁት። ከመውጣቴ በፊት ላሳያት ብርሃን ወዳለበት ይዣት ስሄድ ብዙ ጊዜ ተመለከተችውና፥ «ክሩን ረስተኸዋል» አለችኝ። እውነትም እንዝርቱ ያለ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ከጣሳው የቀረውን አንድ ቀንበጥ አውጥቼ፥ እጇን እንደ ያዘችልኝ፥ ክሩን ሠራሁት።