ስሙን ማን ነገረን?

በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ፈጣሪ አንድ እስከ ሆነ ድረስ በየትኛውም ስም ብንጠራው ምን ለውጥ ያመጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወንጌልን ከሥሩ የሚነካ ነው። ጥያቄውን ይዘው ሩቅ የሄዱ ሰዎች አሉና የደረሱበትን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ይኖር የነበረ ጆን ባሉ ኒውብሮው የተባለ የጥርስ ሐኪም «ኦአስፔ» የተሰኘ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ማለዳ ማለዳ ጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ፣ መናፍስት እጁን እየመሩት እንደ ጻፈው ተናገረ። መጽሐፉ የ24,000 ዓመት የሰማይና የምድር ታሪክ እተርካለሁ ይላል። ተከታዮቹ ፌይዚስቶች ይባላሉ። ፈጣሪን «ጄሆቪህ» ይሉታል፤ ሁሉን የሞላ፣ የማይታይ ታላቅ መንፈስ ነው ብለው ያመልኩታል። «አምላክ» እና «ጌታ» ግን በእነርሱ ዘንድ የሹመት ስሞች ናቸው፤ ቀድሞ ሰው የነበሩ መላእክት ለተወሰነ ዘመን ይይዟቸዋል።

ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸውን እንስጥ። በ1884 በኒው ሜክሲኮ «ሻላም» የተባለ መንደር መሥርተው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሰብስበው ለማሳደግ ደክመዋል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል እንጂ። ሆኖም መልካም ሥራ የተሳሳተን ትምህርት እውነት አያደርገውም።

ስሙን እንመርምር። መጽሐፋቸው የፈጣሪን ስም ከነፋስና ከመሰል የተፈጥሮ ድምፆች ጋር ያያይዘዋል፤ ሰው ሰምቶ ጠራው ማለት ነው። እኛ ግን ኤልያስን እናውቃለን። በኮሬብ ተራራ ነፋሱ ድንጋይ ሲሰነጥቅ እግዚአብሔር በነፋሱ ውስጥ አልነበረም (1 ነገ. 19)። በዚያው ተራራ ሙሴ ስሙን ሲጠይቅ መልስ የሰጠው ራሱ እግዚአብሔር ነው (ዘፀ. 3)። ኋላም ስሙን ሲያውጅ መሐሪና ሞገስ ያለው፣ ለቁጣ የዘገየ መሆኑን ገለጠ (ዘፀ. 34)።

«ታዲያ እናንተስ በዕብራይስጡ ስም መች ትጠሩታላችሁ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ «እግዚአብሔር» የግእዝ ቃል ነው፣ «የአገር ጌታ» እንደ ማለት። ክርክራችን ስለ ፊደልና ስለ ድምፅ አይደለም። ክርክራችን ማን ተናገረ የሚለው ነው። ሰው ከታች ሆኖ የሚያወጣው ስም የሰውን ግምት ይነግረናል፤ እግዚአብሔር ራሱ የሚነግረን ስም ግን ማንነቱን ያሳውቀናል።

ዋናው ልዩነት ግን ከዚህም ይጠልቃል። ኦአስፔ ከሴት የተወለደ ማንም እንዳይመለክ ያዝዛል። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ! ሐዋርያው ጳውሎስ፣ ዘመኑ በተፈጸመ ጊዜ እግዚአብሔር ከሴት የተወለደውን ልጁን እንደ ላከ ይመሰክራል (ገላ. 4፥4)። እነርሱ የዘጉት በር እኛ የዳንንበት በር ነው። የእነርሱ ፈጣሪ በሁሉ ስፍራ አለ፤ በግርግም ግን አልተኛም፣ በመስቀልም አልተሰቀለም። ሁሉን ከሞላ በኋላ ስለ እኔ ካልሞተ ኃጢአቴን ማን ይሸከመዋል?

መናፍስት አጻፉኝ ለሚል መጽሐፍ ደግሞ ሚዛኑ በእጃችን አለ። ዮሐንስ መንፈስን ሁሉ እንዳናምን አስጠንቅቆ፣ መለያውን አስቀምጦልናል፦ ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደ መጣ መታመን (1 ዮሐ. 4)። በዚህ ሚዛን ኦአስፔ ቀልሎ ተገኝቷል።

ፌይዚስት የሆነ ጎረቤት ላይኖራችሁ ይችላል። ነገር ግን «ሁላችንም ያው አንድን ፈጣሪ ነው የምናመልከው፤ ኢየሱስን ግን ተዉት» የሚል ጓደኛ ከእናንተ መካከል ያላጋጠመው ማን ነው? ስትመልሱለት አትሳደቡ፣ አታሹፉበትም፤ በየዋህነት ንገሩት።

ያ ወጣትም መልሱ ይኸው፦ ለውጥ ያመጣል። የምንጸልየው ስሙን ገምተን ላገኘነው አይደለም፤ ቀድሞ ስሙን ነግሮን፣ በልጁ ወደ እኛ ለመጣው አባት ነው። ጸጋው ይብዛላችሁ።